የችግር ቀን ቃል ለጉና ደጋ እንዴት ይደርሳል?

በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት ላይ ድንገተኛ ችግር በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ምን ሆነ? እኔንስ ይነካኛል ወይ? አሁንስ ምን ላድርግ? የሚል ነው። ለነዚህ ለሦስቱ ጥያቄዎች ባለቤቱ ፈጥኖ መልስ ያልሰጠ እንደ ሆነ ሌላ ሰው ይሰጥለታል። ያም ሌላ ሰው ብዙውን ጊዜ ነገሩን የማያውቅ፤ ወይም ዐውቆ ለማጣመም የሚፈልግ ይሆናል። ዱሮ እንዲህ ያለው ወሬ ከገበያ ወደ ገበያ በእግር ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን በፌስቡክና በቴሌግራም ተጭኖ ቡና እስኪፈላ ድረስ እንኳ ሳይቆይ አገሩን ያዳርሳል።

ስለዚህም ባለፉት ዓመታት ባንኮቻችን፥ አየር መንገዳችን፥ ሆስፒታሎቻችንና ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሁሉ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ የየራሳቸውን ገጽ ከፍተዋል። ገጽ መክፈቱ መልካም ነው። ነገር ግን ገጹ በበዓል ቀን እንኳን አደረሳችሁ ለማለትና የስብሰባ ፎቶግራፍ ለማውጣት ብቻ የተከፈተ እንደ ሆነ፥ ችግር በደረሰበት ቀን ባለቤቱን አይጠቅመውም። እኛም ከትምህርት ቤት ወንበር የተነሣነው በቅርቡ ስለ ሆነ፥ በዚህ ነገር የተጻፉትን መጻሕፍት ገና አልረሳናቸውም። ከነዚህ ጸሐፊዎች አንዱ አሜሪካዊው ሊቅ ቲሞቲ ኩምብስ የድርጅትን ችግር በሦስት ይከፍለዋል፤ ድርጅቱ ራሱ ተጎጂ የሆነበት፥ ሳይታሰብ በአደጋ የመጣና መከልከል ሲቻል በቸልተኝነት የደረሰ ነው ይላል። የሚነገረውም ቃል እንደ ችግሩ ዓይነት መለያየት ይገባዋል ባይ ነው። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው መጽሐፍ የተጻፈው እያንዳንዱ ሰው በኪሱ ኢንተርኔት ለያዘበት አገር ነው። እኛ ዛሬ ለማየት የምንፈልገው ይኸው ትምህርት ወደ ደብረ ታቦር፥ ወደ ፋርጣና ወደ ጋይንት በወጣ ጊዜ ምን ይመስላል የሚለውን ነው።

ለዚህም ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነገር ነው።

እንደሚታወሰው በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ዓርብ መጋቢት 6 ቀን ለቅዳሜ አጥቢያ፥ የባንኩ የሒሳብ መሣሪያ ተሳስቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው ገንዘብ በላይ ለማውጣትና ወደ ሌላ ባንክ ለማስተላለፍ ቻሉ። ይህን አስቀድመው ያወቁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ወሬው ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው የሄደው በስልክና በቴሌግራም ነው፤ በጅማና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች በገንዘብ መክፈያው መኪና ፊት ሌሊቱን ረጅም ሰልፍ ተሠለፈ። ባንኩ ዝውውሩን ለማገድ ብዙ ሰዓት ፈጀበት። የዚያን ጊዜው የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ በኋላ እንደ ገለጹት፥ በዚያች ሌሊት የተደረገው የሒሳብ እንቅስቃሴ 490 ሺህ ያህል ሲሆን፥ ያላግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። ተማሪው ወሬውን ያገኘው ከባንኩ ቀድሞ ነው። ባንኩም ቅዳሜ በፌስቡክ ገጹ የሰጠው መግለጫ ለአገልግሎቱ መቋረጥ ይቅርታ የሚጠይቅና፥ ምክንያቱን ከመሣሪያው የጥገናና የፍተሻ ሥራ ጋር የሚያያይዝ ነበር። ይህ ቃል ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ገንዘብ ሲያወጣ ለነበረው ተማሪ ቃሉ ምንም አልነገረውም፤ ገንዘቡ የእርሱ እንዳልሆነ፥ መመለስ እንዳለበት፥ የት እንደሚመልስና ቢመልስ ምን እንደሚጠብቀው አላስረዳውም። ገንዘቡን ላልነካውና ሒሳቡ ደኅና መሆኑን ለማወቅ ለሚጨነቀው ደንበኛም ጉዳዩ በሚገባ የተብራራለት ከዚያ በኋላ ነው። አቶ አቤ ሳኖ በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ነገሩ የውጭ ሌባ ጥቃት አለመሆኑንና የደንበኞች ገንዘብ አለመነካቱን በዝርዝር እስከ ተናገሩ ድረስ፥ እያንዳንዱ ሰው በየሰፈሩ የራሱን ባንክ ሲያቆምና ሲያፈርስ ሰነበተ። የጠፋው ገንዘብ ልክም በዚያው ሰሞን በየገጹ በቢሊዮን ሲቆጠር እንደ ነበር እናስታውሳለን።

ለባንክ ደግሞ ወሬ ቀላል ነገር አይደለም። የአሜሪካው የሲሊኮን ቫሊ ባንክ በየካቲት ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የወደቀው፥ ገንዘብ አስቀማጮቹ በስልካቸው እርስ በርሳቸው እየተጻጻፉ በአንድ ቀን ብቻ 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ስለ ጠየቁ ነው። በማግሥቱ የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጥቶ ዘጋው። ሰው በባንኩ በር ላይ ተሠልፎ ቢሆን ኖሮ ሰልፉ ራሱ ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ በስልክ ሲሆን ግን ሰልፍ የለም። የኛው ንግድ ባንክ በዚያን ጊዜ ከ38 ሚሊዮን በላይ ባለ ሒሳቦች ነበሩት። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ልባቸው ቢሸበር ኖሮ ምን ይደረግ እንደ ነበር ማሰቡም ያስፈራል። አልሆነም፤ ተመስገን ነው። ያልሆነበትም ምክንያት ሕዝቡ ባንኩን በማመኑ ይመስለናል እንጂ የመግለጫው ጥራት አይመስለንም።

አሁን ወደ ደብረ ታቦር እንምጣ።

በዚያ ቅዳሜ በደብረ ታቦር ከተማ በንግድ ባንክ ቅርንጫፍ በር ላይ የቆመ አንድ ነጋዴ ይታሰበን። ከወረታ ጤፍና ሩዝ፥ ከጉና ግርጌ ድንች የሚያስመጣ ሰው ነው እንበል። መኪና አስጭኖ ለባለ መኪናው የሚከፍለው ገንዘብ ሊያወጣ መጥቶ፥ መሥመር የለም፥ ሥራ ቆሟል ተባለ። ለምን እንደ ሆነ ማን ይነግረዋል? ባንኩ ቃሉን በፌስቡክ ላይ አውጥቶታል። ነገር ግን በአማራ ክልል በነበረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ከ2015 ዓ.ም. የሐምሌ ወር መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያም መጋቢት ገና አልተመለሰም። ስለዚህ ባንኩ ለ38 ሚሊዮን ደንበኞቹ ይቅርታ በጠየቀበት ቀን፥ ያ ነጋዴ ይቅርታውን በኪሱ ባለው ስልክ ለማንበብ አይችልም ነበር። የሚሰማው የጅማ ልጁ ወይም የአዲስ አበባ ወንድሙ ደውሎ የነገረውን ነው። እነርሱም ቢሆኑ የሚነግሩት በቴሌግራም ያዩትን ነው። እንግዲህ በኢንተርኔት ላይ የተጻፈው እውነት ለደጋው ሰው አልደረሰውም፤ በኢንተርኔት ላይ የተጻፈው አሉባልታ ግን በድምፅ ስልክ ዞሮ ደርሶታል። ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ይህም ያን ዓመት ብቻ የሚመለከት አይደለም። ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ በሚሠራበት ጊዜም ቢሆን በማኅበራዊ መገናኛ የሚጠቀመው ሰው በአገራችን ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። ከነዚህም የሚበዙት የከተማ ሰዎች ናቸው። በእብናት ቆላ ወይም በላይ ጋይንት ደጋ የሚኖረው ገበሬ ስልክ ሊኖረው ይችላል፤ ስልኩ ግን ሁለት ቁልፍ ያላት፥ ባትሪዋ ሳምንት የምትቆይ፥ ለመደወልና ለመደወል ብቻ የተሠራች ናት። በርሷ ላይ ፌስቡክ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሹም በፌስቡክ ጽፎ ለሕዝብ አስታውቄያለሁ ሲል፥ ለየትኛው ሕዝብ? ብለን ብንጠይቀው ቅር ሊሰኝብን አይገባም።

እዚህ ላይ ስለ ኮሮና ዘመን ጥቂት ብንናገር ነገሩ ይብራራል። የመጀመሪያው በሽተኛ በአገራችን የተገኘው ዓርብ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። የዚያን ጊዜዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በሹመታቸው ገና አንድ ቀን ብቻ ነበራቸው። ከዚያም ጊዜ ጀምሮ ስንት ሰው እንደ ተመረመረ፥ ስንት እንደ ታመመና ስንት እንደ ሞተ በየቀኑ በትዊተርና በፌስቡክ ገጻቸው ያወጡ ጀመር። ከተሜው በየቀኑ ያችን ባለ ቁጥር ሠሌዳ ይጠባበቅ ነበር፤ ወሬ የሚፈበርከውም ሰው ቁጥሩ በቁርጥ ሰዓት ስለሚወጣ ገበያው ቀዘቀዘበት። መልካም ሥራ ነበር፤ በኛ አስተያየት በአገራችን በማኅበራዊ መገናኛ ከተሠሩት የችግር ጊዜ ሥራዎች ሁሉ ይህ ፊተኛውን ስፍራ ይይዛል።

ነገር ግን የጉናን ሰው ያስጠነቀቀው ትዊተር አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም የስልክን የመጥሪያ ድምፅ ለውጦ፥ ሰው ለዘመዱ ሲደውል በጥሪው ፈንታ እጅህን ታጠብ፥ ርቀትህን ጠብቅ የሚል ቃል እንዲሰማ አደረገ። ብዙ ሰው ተማረረበት፤ ሰው ሞቶብኝ ስደውል እንኳ እጅህን ታጠብ ይለኛል ያለም ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ ማንበብ የማይችለውን፥ ኢንተርኔት የሌለውን፥ ሬዲዮ ያልገዛውን ሁሉ በጆሮው ደረሰለት። ከዚያም በ8335 ደውሎ ለመጠየቅ የሚቻል ሆነ። የቀረውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ፥ ካህናቱም በዐውደ ምሕረት ላይ እየተናገሩ ፈጸሙት። ስለዚህ የዶክተር ሊያ ሠሌዳና የቴሌው የመጥሪያ ድምፅ አንድ ላይ ሲሠሩ ሥራው ሙሉ ሆነ። አንዱ ብቻውን ቢሆን ግማሽ ነበር።

ቃል በጊዜው አለመድረሱ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ለሚፈልግ ደግሞ ደቡብ ጎንደር የራሱ ታሪክ አለው። በሊቦ ከምከም ወረዳ፥ አዲስ ዘመን በምትባለው ከተማ ዙሪያ (ስሟ ከጋዜጣው ጋር አንድ በመሆኑ አንባቢ እንዳይሳሳት) በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. አንድ ያልታወቀ በሽታ ገብቶ ሰው ይጨርስ ጀመር። ትኩሳት አለው፥ ሆድን ይነፋል፥ ሰውነትን ያመነምናል። በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። እስከ ግንቦት 1997 ዓ.ም. ድረስ በሽታው ካላዛር መሆኑ አልታወቀም። ካላዛር እስከዚያ ድረስ በመተማና በሑመራ ቆላ የሚታወቅ ስለ ነበረ፥ በሊቦ ይገኛል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ምናልባት ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት መጥተው ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። በኋላ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ማኅበር ሐኪሞች መጥተው ከሁለት ሺህ በላይ ሰው አከሙ።

በዚያን ጊዜ ፌስቡክ የሚባል ነገር በአገራችን አይታወቅም፤ ቢታወቅም ኖሮ ባልታወቀ በሽታ ላይ የሚጻፍ እውነት አልነበረም። እኛ ይህን ያነሣነው ለሌላ ነገር ነው። በየቀበሌው ብዙ ሰው በአንድ ዓይነት በሽታ እየሞተ መሆኑን አስቀድሞ ያየው ገበሬው ነው። ያየውን የሚያደርስበት፥ ደርሶም የሚሰማው አጣ። ስለ ችግር ጊዜ ግንኙነት በተነገረ ቁጥር ሁላችንም የምናስበው መሥሪያ ቤቱ ለሕዝቡ የሚናገረውን ነው፤ ሕዝቡ ለመሥሪያ ቤቱ የሚናገረው ግን ከነገሩ እኩሌታ በላይ ነው። ማኅበራዊ መገናኛ ከጋዜጣና ከሬዲዮ የሚሻለው በዚህ ብቻ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ሰው መልሶ ይናገርበታል። ብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ግን ገጻቸውን ከፍተው የአስተያየቱን በር ይዘጉታል፤ ወይም ሰው የጻፈውን ሳያዩት ወር ያልፋል። እንዲህ ከሆነ ገጹ ከግድግዳ ማስታወቂያ በምን ይለያል?

ያልተመለሰ ደብዳቤ ምን እንደሚያመጣ ለደብረ ታቦር መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ከደረሰ በኋላ በአንድ ቢሮ ውስጥ መልስ ሳይሰጠው ቀረ። በ1856 ዓ.ም. ቆንስላው ካሜሮን ታሰረ፤ መልሱ ሲመጣ ዘግይቶ ነበር። በጋፋት የተሠራው ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር ተነሥቶ እየተጎተተ መቅደላ የወጣው፥ ነገሩም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በዚያ ኀዘን የተፈጸመው ከዚህ ቸልታ የተነሣ ነው የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። የለንደኑ ቢሮ ሠራተኛ ደብዳቤውን በፋይል ሲያስቀምጥ የሥራው ሰዓት አልቆበት ይሆናል።

ፈጥኖ መናገርን በሚመለከት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያደረገውን ደግሞ ሳናነሣ ብናልፍ ፍርድ ማጓደል ይሆንብናል። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ በ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው አውሮፕላን ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰው ሕይወት ጠፋ። ዓለም ስለ አደጋው ካነበባቸው ቃላት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በትዊተር የወጣው የኀዘን መግለጫ ነው። ወዲያውም አየር መንገዱ በፌስቡክና በትዊተር ገጾቹ ተራ ቁጥር የያዘ መግለጫ ያወጣ ጀመር። ያወቀውን ዐወቅሁ፥ ያላወቀውን ገና አላወቅሁም እያለ፥ የዘመዶች የስልክ ቁጥር አብሮ እየሰጠ ቀጠለ። ከሁሉ ይልቅ ሰው ያልረሳው ግን የዚያን ጊዜው ዋና ሥራ አስኪያጅ አቶ ተወልደ ገብረ ማርያም በስብርባሪው መካከል ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ ነው። አየር መንገዱ ያን ፎቶግራፍ ራሱ አወጣው። ለዓይን የሚከብድ ነበር፤ ባይወጣ ይሻላል ያሉም ነበሩ። እኛ ግን ትክክል ነበር እንላለን። ሹሙ ከቢሮው ወጥቶ አፈሩ ላይ መቆሙን ያየ ሰው፥ ይደብቁናል የሚል ጥርጣሬ አይቀርበውም።

በማግሥቱም የዚያኑ ዓይነት አውሮፕላኖቹን ከበረራ ማገዱን አስታወቀ። ሠሪው ቦይንግ ግን አውሮፕላኑ አስተማማኝ ነው እያለ ቀናት ቆየ፤ የአሜሪካ መንግሥትም ያገደው ከብዙ አገሮች በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው። የቦይንግ ዋና ሹም በተንቀሳቃሽ ሥዕል ቀርበው ኀዘናቸውንና ይቅርታቸውን የገለጹት የምርመራው የመጀመሪያ ሪፖርት በወጣበት በመጋቢት 26 ቀን ነበር። ሹሙ የዚያው የፈረንጅ ዓመት ሳያልቅ ከሥልጣናቸው ተነሡ። ገንዘብና ባለሙያ ያላነሰው ድርጅት ቃል አነሰው ማለት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለናል፤ አየር መንገዱ የሚናገረው ለሙታን ቤተሰብ ሲሆን ቦይንግ ይናገር የነበረው ለባለ አክሲዮኖቹ ነበር።

አሁን ደግሞ ጥቂት የሚከነክነንን እንናገር። ንግድ ባንክ ያለ አግባብ የወጣበትን ገንዘብ ለማስመለስ በመጀመሪያ በትሕትና ጠየቀ፤ የመለሰ ሰው በወንጀል እንደማይጠየቅም ተነገረ። አብዛኛው ሰው መለሰ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከገንዘቡ ከሦስት አራተኛው በላይ ተመለሰ፤ ይህም ለባንኩም ለወጣቱም የሚያስመሰግን ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በይፋ አወጣ። ፎቶግራፎቹም በማኅበራዊ መገናኛ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ባንኩ ገንዘቡን የማስመለስ መብት እንዳለው የሚክድ የለም፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነው። ነገር ግን በፍርድ ቤት ያልተፈረደበትን የ20 ዓመት ልጅ ፊቱን ለዓለም ማሳየት ሌላ ነገር ነው። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ዝናብ ያወርደዋል፤ በኢንተርኔት የወጣ ፊት ግን ልጁ ከተመረቀ፥ ከተዳረ፥ ልጅ ከወለደ በኋላም ይኖራል። ስሕተቱ ከባንኩ መሣሪያ የተነሣ መሆኑም መረሳት የለበትም። በኩምብስ አከፋፈል ይህ ችግር ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ወገን መካከል የሚቆም ነው፤ እንዲህ ያለው ድርጅት በሌላው ላይ ጣቱን ሲቀስር ሰው የእርሱንም ጣት ይቆጥርበታል። ዕዳውን በፍርድ ቤት ጠይቆ ፊቱን ቢሸፍንለት ይሻል ነበር ባዮች ነን።

የሐሰተኛ ገጽም ነገር አለ። የባንክን፥ የዩኒቨርሲቲን፥ የሆስፒታልን ስምና ዐርማ ሰርቆ በቴሌግራም ገጽ መክፈት ዛሬ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰት የሚያሠራጭን ሰው በጠነከረ ቅጣት ይቀጣል። አዋጁ ግን የሚደርሰው ሐሰቱ ከተነገረ በኋላ ነው። በችግሩ ሌሊት ሐሰተኛውን ገጽ የሚያሸንፈው፥ ሕዝቡ አስቀድሞ በሰላም ጊዜ የለመደውና ያመነው እውነተኛ ገጽ ብቻ ነው። ለአንድ ዓመት ስለ ስብሰባ ብቻ ሲጽፍ የኖረ ገጽ በአንድ ሌሊት አይታመንም።

በ2016 የትምህርት ዓመት በአማራ ክልል ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ጥሪ መዘግየቱ ይታወሳል። እንደ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ያለ ተቋም ከአገሪቱ ማዕዘን ሁሉ ተማሪ ይቀበላል። በዚያ ዓመት የሐዋሳው ልጅ ጥሪ መጣ አልመጣ እያለ በየቀኑ ገጽ ሲያገላብጥ፥ በዚያው በዞኑ ውስጥ በመካነ ኢየሱስ ወይም በነፋስ መውጫ ያለው ልጅ በሞባይሉ ገጹን ለማየት አይችልም ነበር። አንዱ ያለው ማንበቢያ ነው፤ ሌላው ያለው ቅርበት ነው። ለሁለቱም የሚደርስ ቃል አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ለሐዋሳው በገጽ፥ ለጋይንቱ ደግሞ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል በወረቀትና በድምፅ ስልክ መነገር አለበት። ይህ ብዙ ወጪ የለበትም። ሠራተኛው ወረዳ ድረስ ሁሉ የሚደውልበት የካርድ ገንዘብና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ወጪ ከሌለበት ታዲያ ለምን አይደረግም? እንደሚመስለን ዋናው እንቅፋት ፈቃድ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው አንዲት ቃል ለማውጣት ሓላፊውን፥ ሓላፊው የበላዩን፥ የበላዩም አዲስ አበባን ወይም ባሕር ዳርን መጠየቅ አለበት። ዓርብ ማታ ችግር ቢደርስ ፈቃዱ የሚገኘው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የገጹም መክፈቻ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ይሆንና፥ ያ ሰው ሲዛወር ቁልፉም አብሮት ይዛወራል፤ መሥሪያ ቤቱም ሁለተኛ ገጽ ይከፍታል፤ ሕዝቡም የትኛው እውነተኛ እንደ ሆነ ግራ ይገባዋል። ይህ የቴክኒክ ችግር አይደለም፤ የጽሕፈት ቤት ልማድ ነው። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ቢያንስ ሦስት ዐረፍተ ነገር በራሱ ሥልጣን እንዲናገር ቢፈቀድለት ምን ይጎዳል? ችግር መድረሱን ዐውቀናል፤ የናንተ ገንዘብ ደኅና ነው፤ በአሥር ሰዓት ተመልሰን እንነግራችኋለን ቢል፥ ያ በር ላይ የቆመው ነጋዴ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። በአሥር ሰዓት የሚነገር አዲስ ነገር ባይኖርም፥ አዲስ ነገር የለም ብሎ መናገር ራሱ ቃል መጠበቅ ነው።

ደግሞም የባንኩ የስልክ ማዕከል 951 በድምፅ ስለሚሠራ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በችግር ቀን በዚህ ቁጥር ለሚደውል ሁሉ የአንድ ደቂቃ ቃል ተቀድቶ አስቀድሞ ቢሰማ፥ ያው የኮሮናው የመጥሪያ ድምፅ ሥራ ይሆናል። ፌስቡክ ላይ የተጻፈውም ቃል በዚያው ሰዓት ታትሞ፥ ማኅተም ተመትቶበት በቅርንጫፉ በር ላይ ቢለጠፍ፥ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነብለታል። በገበያ ቀን እንዲህ ያለች አንዲት ወረቀት ከቀትር በፊት ጉና ግርጌ ትደርሳለች።

የጎርፍም ነገር አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራንና የሊቦን ሜዳ ባጥለቀለቁ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ወጣ። ውሃው ደግሞ የሚመጣው ከደጋው ነው፤ በጉና ላይ የዘነበውን ዝናብ የፎገራ ሰው የሚያየው ቆይቶ ነው። በዚያ መካከል ያለው ጊዜ ለማስጠንቀቂያ የተሰጠ ነው። የደጋው የልማት ሠራተኛ በቴሌግራም ቡድን አንድ ፎቶግራፍ ቢልክ፥ የወረታው ሹም ተቀብሎ ለቀበሌዎች በስልክ ቢነግር፥ ገበሬው ከብቱንና እህሉን ወደ ከፍታ ለማውጣት ሰዓት ያገኛል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የየቀበሌው ሊቀ መንበር፥ የየዕድሩ ዳኛና የየደብሩ አለቃ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት አንድ ዝርዝር ነው። እንዲህ ያለው ዝርዝር በየወረዳው መሥሪያ ቤት እንደማይጠፋ እንገምታለን፤ የሚታደሰው ግን ለስብሰባ ጥሪ ይመስለናል።